ያልታኘከ ቅጠል

ሐጂ ተማም ኑሬ የሞቱት አልጋቸው ላይ አይደለም። ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር፣ ከአንድ አሮጌ ፎቅ አሥራ አንደኛው ላይ፣ መስኮቱ ሥር በተነጠፈች ምንጣፍ ላይ ትራስ ተደግፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ በርጫ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሆነው ነው የተገኙት። ግራ ጉንጫቸው ተወጥሯል። ከከንፈራቸው ጥግ አንዲት የጫት ቅጠል ብቅ ብላለች። አጠገባቸው የቀረው ዙርባ እርጥብ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል፤ አንድ ቆርቆሮ ኮካና በሰሃን የቀረበ ለውዝም አለ።

«ኦቨርዶዝ» አለ ሳጅን ማክኒል፣ በሩ ላይ እንደቆመ።

መርማሪ ራውዳ ዙበይር ቀና ብላ አየችው። ድሬዳዋ ተወልዳ በልጅነቷ ቶሮንቶ የገባች፣ ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ ያለ ሴት ናት። «ጫት እንዲህ የሚጨርስ ቢሆን ድሬዳዋ ይሄኔ ሰው አልባ ነበረች» አለችው።

«የሰማንያ ዓመት ሰው ናቸው። ልብ ነው።» ማክኒል ስልኩን እያየ ቀጠለ። «የወንድም ልጅ አላቸው፣ ሱፊያን የሚባል። የዚህ አገር ዜግነት የለውም። ጫቱን የሚያመጣላቸው እሱ ነው አሉ፤ ጫት ደግሞ እዚህ አገር በሕግ ክልክል ነው። ሰው ሞቶበታል ማለት ነው። ይከሰሳል፣ ከዚያ ዲፖርት ይደረጋል። የድንበር ጥበቃ ሰዎቹን ኮል አድርጌያለሁ።»

«ሬሳው ሳይነሳ?»

ማክኒል ትከሻውን ነቀነቀ። ራውዳ አንድ ክፉ ቃል አፏ ላይ መጣባትና ዋጠችው። ጓንቷን አጥልቃ ተንበረከከች።

የሽማግሌው ጥርስ ከአፋቸው ጥግ ይታያል፤ ነጭ፣ የተደረደረ፣ እንከን የሌለው። ጉንጫቸው ውስጥ ያለው ቅጠል ቀንበጡ ቀንበጡ ብቻ ተለቅሞ የገባ ነው። ራውዳ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገራባው አለ፤ ወፍራሙ ቅጠልና እንጨቱ። ከእንጨቶቹ አንዳንዶቹ ጫፋቸው ተነክሷል። እነሱን ለይታ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተተች። መደርደሪያው ላይ አንዲት የነሐስ ሙቀጫ ከነዘነዘናዋ ታጥባ ተደፍታለች፤ ደርቃለች። መታጠቢያ ቤት ደግሞ ባዶ ብርጭቆ አለ፣ አጠገቡ ግን የጥርስ ብሩሽ እንጂ የጥርስ ሳሙና የለም።

ራውዳ ብርጭቆውን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

የሟች ልጅ ለይላ ኮሪደሩ ላይ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የፋርማሲ ነጭ ጋዋኗን አላወለቀችም፤ ከሥራ መልስ ነው አባቷን ያገኘችው። ራውዳ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«አላህ ይርሐማቸው።»

«አሚን። መቼ ነው የምቀብረው?»

«ሐኪም ሳያያቸው አልችልም።»

«ለኛ ሬሳ አያድርም። አንቺ ይሄን አጥተሽው ነው?»

«አላጣሁትም። ስለማውቅ ነው የሚያቃጥለኝ። ንገሪኝ፣ ከአባትሽ ጋር የተጣላ ሰው ነበር?»

ለይላ ሳቀች፤ ሳቅ ከተባለ። «አንድ ሰው። እሱ ግን ከሞተ ቆይቷል። ሥዕሉ ግን እዚህ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ተሰቅሎልሻል። ፔምብሪጅ ማዕከልን ታውቂዋለሽ አይደል?»

የማያውቀው የለም። አሮጌ ፋብሪካ ታድሶ፣ ምድር ቤቱ ለአዲስ መጤዎች የባህል ማዕከል ሊሆን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ይመረቃል።

«ስሙ የማን መሰለሽ? ሰር ሮናልድ ፔምብሪጅ። የኤደን ገዢ» አለች ለይላ። «የየመን ወደብ ኤደን ያኔ የእንግሊዝ ነበረች። አያቴ የሐረር ሰው ነው፤ እዚያ ጫት ይነግድ ነበር። እንግሊዞች ከተማዋን ጥለው ሊወጡ አሥር ዓመት ሲቀራቸው ገዢው ጫት ከለከለ። አያቴን በአንዲት ዙርባ ያዙት። እስር ቤት ገረፉት፤ ከዚያ ‹ባዕድ ነህ› ብለው ከነልጁ መርከብ ላይ ጣሉት። ቁስሉ አመርቅዞ ባሕር ላይ ሞተ። አባዬ ልጅ ነበር። ሬሳውን ውሃ ውስጥ ሲወረውሩት ቆሞ አይቷል። ብዙም ሳይቆይ ገዢው ክልከላውን አነሳው። ለምን መሰለሽ? የጫት ቀረጥ ናፍቆት።»

ራውዳ መዝገቧን አውጥታ የገዢውን ስም ጻፈች።

«ቅዳሜ ይህን ሊናገር ነበር» አለች ለይላ። «ለምርቃት ጋብዘውት ነበር። ሽማግሌ ነህ፣ ኤደን ያደግህ ነህ፣ መርቅልን ብለው። ‹እመርቃለሁ፣ ግን አባቴን ተናግሬ ነው› አለ።»

«እንደሚናገሩ ማን ያውቃል?»

«እኔና ሱፊያን። ዶክተር እዝራም ያውቃል፤ የማዕከሉ ዳይሬክተር። አባዬ ባለፈው ሳምንት ራሱ ነግሮታል።»

ሱፊያንን ራውዳ ያገኘችው እዚያው ፎቅ፣ ሦስተኛው ላይ፣ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር በሚጋራት ክፍል ነው። ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር፣ ዌርሃውስ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ይሠራል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከእንቅልፍ እጦት ይሁን ከልቅሶ አይለይም።

«እህቴ፣ ሊወስዱኝ ነው አይደል?»

«መጀመሪያ መልስልኝ። ዛሬ ቀኑን የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ልጆቹ ሥራ ነበሩ። ምስክር የለኝም።»

«ጫቱን አንተ ነህ የምታመጣላቸው?» በአማርኛ ነው የጠየቀችው፤ መዝገቧንም አልከፈተችም።

ልጁ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። «ሐጂ ጁምዓ ጁምዓ ትንሽ ይይዛሉ። ሌላ ምን ደስታ አላቸው? ለእሳቸው ብዬ ነው። ወላሂ አልሸጥኩም። የዛሬውን ትናንት ፍሪጃቸው ውስጥ አስቀምጬ ነበር፤ ዛሬ ግን ገና ወደ ላይ አልወጣሁላቸውም። ስነቃ አምቡላንስ ደረሰ።» ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እናቴ አገር ቤት በእኔ እጅ ነው ያለችው። ቢመልሱኝ አለቀልን።»

«ማን ማን ያውቃል፣ እንደምታመጣ?»

«ሐጂ ምስጢር አያውቁም። ለጠየቃቸው ሁሉ ይነግራሉ።»

«አብሯቸው የሚቅም ሰውስ?»

«ከእኔና ከለይላ በቀር በርጫቸው ላይ ሰው አያስቀምጡም። ያፍራሉ።»

ራውዳ ምን እንደሚያሳፍራቸው አልጠየቀችም። ገብቷታል። ድሬዳዋ የቀሩት አያቷም እንዲሁ ያፍሩ ነበር።

በማግስቱ የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ደወለላት። «ጉሮሯቸው ንጹሕ ነው። ሆዳቸውም ንጹሕ። ጉንጫቸው ውስጥ ካለው ቅጠል አንዱም አልታኘከም። ከከንፈራቸው በስተውስጥ ቁስለት፣ ዓይናቸው ላይ የደም ነጠብጣብ አለ። አፍነዋቸዋል፤ በትራስ ይመስለኛል። አንድ ነገር ደግሞ...»

«ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ ነው» አለች ራውዳ።

«እንዴት አወቅሽ?»

ማክኒል ይህን ሲሰማ ቢያፍር ምን አለ? አላፈረም። «እንዲያውም ለየለት» አለ። «ጫት የሚያውቅ ሰው ነው የገደላቸው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ጫት የሚያውቀው ልጁ ነው። ሰኞ ይወስዱታል።» ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። የቀረበውን መያዝ የለመደ ሰው ነው፤ የሚቀርበው ደግሞ ሁልጊዜ እንደ ሱፊያን ያለው ነው። ራውዳን ያንገበገባት ይኸው ነው።

ዶክተር እዝራ ማዕከሉ ውስጥ ተቀበላት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ እዚህ የታሪክ ዶክትሬቱን የያዘ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የታረመ ሰው ነው። ከጀርባው ገዢው በነጭ ዩኒፎርምና በላባ ቆብ ከሥዕሉ ውስጥ ቁልቁል ያያል።

«ትልቅ ሰው አጣን» አለ እዝራ። «ያውም በእንዲህ ያለ ነገር።»

«በምን ያለ ነገር?»

«በጫት ነዋ። ያሳዝናል። እኔ ሲቅሙ አይቻቸው አላውቅም። ልጁ እንደሚያመጣላቸው ግን ራሳቸው አጫውተውኛል። እኛም በተማሪነታችን ለፈተና ቅመናል፤ በሰማንያ ዓመት ግን ልብ አይችለውም።»

«መቼ ነው ያገኟቸው ለመጨረሻ ጊዜ?»

«ሳምንት ሆነኝ።»

«ስለ ገዢው ሊናገሩ እንደነበር ነግረውዎታል?»

እዝራ ፈገግ አለ። «የሽማግሌ ትዝታ ነው። ታሪክ ውስብስብ ነው፣ ራውዳ። እነዚያ ሰዎች ገርፈዋል፤ ወደብ፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትም ሠርተዋል። ሁለቱንም አጥንተን ነው ስሙን የተቀበልነው። የማኅበረሰቡ ሽማግሌዎችም ተስማምተዋል።»

«የትኞቹ ሽማግሌዎች?»

«ብዙዎቹ» አለ እዝራ፤ ሰዓቱንም አየ።

ራውዳ ሥዕሉን ቀና ብላ አየችው። ሰውን በአንዲት ዙርባ ቅጠል አስገርፎ ባሕር ላይ የሚጥል ሰው ሆስፒታል መሥራቱ ምኑን ያጥበዋል? ይህን ለእዝራ አልተናገረችም፤ አመስግናው ወጣች።

የሕንጻው ባለቤት የገዢው የልጅ ልጅ ኮሊን ፔምብሪጅ ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመው አነጋገረችው። ሐጂ ተማምን አንዴ ብቻ እንዳገኛቸው ተናገረ። ራውዳ ስልኳ ላይ የዙርባ ፎቶ አሳይታ «የትኛው ነው የሚበላው?» ብላ ጠየቀችው።

ፎቶውን አገላብጦ አየው። «የሚፈላ ሻይ አይደለም እንዴ?» አለ።

እሑድ ከሰዓት ራውዳ ሁሉንም ማዕከሉ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ለይላ ጥቁር ነጠላ ተከናንባ ከፊት ተቀምጣለች። ሱፊያን አጠገቧ ነው፤ ከኋላው አንድ ፖሊስ ቆሟል። ፔምብሪጅ መስኮቱ ጋ፣ እዝራ ሥዕሉ ሥር፣ ማክኒል በሩ ላይ። ራውዳ በእንግሊዝኛ ጀመረች።

«ሐጂ ተማም በጫት አልሞቱም። አንድ ሰው ጁምዓ ቀን ቤታቸው ገብቶ በትራስ አፍኗቸዋል። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ዙርባ አውጥቶ፣ ቀንጥቦ፣ የሞተ ሰው ጉንጭ ውስጥ ጎሰጎሰ። ቅጠሉ አልታኘከም። ለምን ይህን አደረገ? እኛ ስንገባ ‹ጫት ገደላቸው› እንድንል፣ ቀጥሎም ጫቱን ያመጣል የሚባለውን እንድንይዝ። አልተሳሳተም፤ ይኸው ይዘናል።»

ማክኒል ወለሉን አየ።

«ታዲያ ማነው? ቅጠሉን እዩት። ቀንበጡ ብቻ ነው የገባው። ወፍራሙና እንጨቱ ተለይቶ ተጥሏል። ኮካውና ለውዙም በወጉ ቀርቧል። ጫት የማያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሚስተር ፔምብሪጅ፣ እርስዎ ሊያፈሉት ነበር። ስለዚህ ከተጠርጣሪዎቹ ወጡ።»

ፔምብሪጅ ቀላ።

«ግን ገዳዩ ጫት ቢያውቅም ሐጂ ተማምን አያውቃቸውም። ለይላ፣ አባትሽ እንዴት ነበር የሚቅሙት?»

ለይላ ቀስ ብላ ቀና አለች። «አይቅምም። ጥርስ የለውም። ሰው ፊት ሲወጣ ነው የሚያደርገው ጥርሱን። ጫት ሊይዝ ሲል አውልቆ ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ድዱን ስለሚያቆስለው። ከዚያ ሱፊያን በሙቀጫ ይወቅጥለታል።»

«በስኳር» አለ ሱፊያን በቀጭን ድምጽ። «አልሞ፣ እንደ ዱቄት።»

«የሐረር ሽማግሌ ጥርሱ ሲያልቅ ጫቱን አይተውም፤ ያስወቅጣል» አለች ራውዳ። «የድሬ ሰውም እንደዚያው። ሐጂ ተማም ያፍሩ ስለነበር ይህን ሌላ ሰው አላየም። እኔ ስገባ ግን ሙቀጫው ደርቆ ተደፍቷል፣ ብርጭቆው ባዶ ነው፣ ጥርሱ አፋቸው ውስጥ ነው። ቅጠሉ ደግሞ እንዳለ ጉንጫቸው ውስጥ። ለውዝም ቀርቦላቸዋል። ይህ የሐጂ ተማም በርጫ አይደለም። ይህ የተማሪ በርጫ ነው። የፈተና ሌሊት በርጫ።»

ማንም ወደ እዝራ ፊቱን አላዞረም፤ ሁሉም ግን ያየው ይመስል እዝራ ክራቫቱን አስተካከለ።

«ይቅርታ» አለ። «ይህ ግምት ነው። ልጁ ሊያሳስተን ብሎ ሆን ብሎ አድርጎት ቢሆንስ?»

«ማንን ሊያሳስት? በዚህች አገር ለእሱ ከሁሉ የከፋው ማስረጃ ያ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ባይገኝ ኖሮ የሚያባርረው የለም። ጥፋቱን ራሱ ላይ ለጥፎ ቁጭ የሚል ገዳይ አይተው ያውቃሉ? ለይላስ ብትሆን፣ ሙቀጫ እያወቀች ቅጠል ትጎሰጉሳለች? የሚያውቅ አይሳሳትም ነበር፤ የማያውቅ ደግሞ ቀንበጥ አይለይም። በሁለቱ መሐል ያለ ሰው አንድ ነው።» ራውዳ ከኪሷ ከረጢቱን አወጣች። «እሺ፣ ግምት ነው እንበል። ይህስ?»

ከረጢቱ ውስጥ ሁለት የጫት እንጨቶች አሉ።

«ቀንጥብ የተባለ ቃሚ ሁሉ አንድ አመል አለው፤ እጁ ሲቀነጥብ አፉ ዝም አይልም። የለጋውን እንጨት ጫፍ ነከስ ያደርጋል፣ ሳያስበው። ከስንት ዓመት በኋላም ቢሆን። እነዚህ ተነክሰዋል። ሐጂ ተማም መንከስ አይችሉም። ሱፊያን ቀንጥቦ ሳይሆን ቅጠሉን በሙሉ ሸምጥጦ ነው የሚወቅጠው። ጥርስ ያረፈበት ደግሞ ምራቅ አለበት። አሁን ከሁላችሁም የምራቅ ናሙና እጠይቃለሁ። በፈቃደኝነት።»

ሱፊያን አፉን ከፍቶ ቆመ፤ የሚጠብቀው ፖሊስ ሳቁ መጣበት። ለይላም ተነሳች። ፔምብሪጅ እንኳ እጁን አወጣ። እዝራ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ዶክተር?» አለች ራውዳ።

«ጠበቃ እፈልጋለሁ።»

«መብትዎ ነው። መናገርም አይገደዱም።»

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት እሱም ባልተናገረ ነበር። ለይላ ግን ፊት ለፊቱ ሄዳ ቆመች። አልጮኸችም። በአማርኛ፣ «አባቴ ምን አደረገህ?» አለችው።

እዝራ ከእሷ ዓይን መሸሸግ አቃተው። «ለመንኳቸው» አለ። «ተንበርክኬ። ይመርቁ፣ ሌላ ቀን ይናገሩ አልኳቸው። ‹አባቴ መቃብር የለውም፣ አንተ የገዳዩን ስም ታስመርቀኛለህ?› አሉኝ። ሊሰሙኝ አልፈለጉም። አሥራ አምስት ዓመት በየኮሌጁ በኮንትራት አስተምሬያለሁ። ቢሮ የለኝ፣ ስም የለኝ። ይህን ማዕከል አጣሁ ማለት...» ወደ ፔምብሪጅ ዞሮ በእንግሊዝኛ ጨመረ። «የአያትህን ስም ሊያጠፉ ነበር። ለስምህ ብዬ ነው።»

ፔምብሪጅ ግራ ተጋብቶ አየው። «ስሙን ያመጣኸው እኮ አንተ ነህ» አለ። «እኔ ሕንጻውን በመንገዱ ቁጥር ልጠራው ነበር። ሽማግሌዎቹ ይፈልጉታል አልከኝ፤ ሥዕሉንም ከእንግሊዝ አስመጣህ። እኔ አያቴን በወጉ አላውቀውም። ሰውየው መጥተው ቢናገሩ የስሙን ሰሌዳ እናነሳው ነበር። ሰሌዳ ነው እኮ።»

ራውዳ ‹ሰሌዳ ነው እኮ› ያለውን ሰውና የተቀመጠውን እዝራን በተራ አየቻቸው፤ ለየትኛው ይበልጥ እንደምትናደድ አላወቀችም። ባለቤቱ ለረሳው ስም ነው ሽማግሌው የታፈኑት።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር» አለች ለእዝራ፣ ካቴናውን እያወጣች። «ያ ሰውዬ ሞቶ ተቀብሮ፣ ጅራፉን አንተ አነሳህለት። ተነስ።» አንቱታው የት እንደገባ ራሷም ልብ አላለችውም።

እዝራን ይዘውት ወጡ። ሱፊያን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ነገሩ አልቋል ብሎ ነው። አላለቀም። ማክኒል ጉሮሮውን ጠራረገና መዝገቡን ከፈተ።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለ። በእርግጥ አፍሮ ነበር፤ ግን አላቆመም። «ጫቱ። ኤግዚቢት ሆኖ ተመዝግቧል። ከየት መጣ የሚለው ቦታ ባዶ ሊተው አይችልም። የድንበር ጥበቃ ሰዎቹ ነገ ይመጣሉ። ሱፊያን ነው የሚለው የሰው ወሬና የዶክተሩ ቃል ብቻ ነው፤ እሱን አልቀበልም። ግን ማን ነው?»

ሱፊያን እጁን ከፊቱ አነሳ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ለይላ ቀደመችው።

«እኔ ነኝ» አለች በእንግሊዝኛ።

ራውዳ ወደ እሷ ጠጋ አለች። «ለይላ፣ ፋርማሲስት ነሽ» አለቻት በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምጽ። «ላይሰንስሽን ሊነጥቁሽ ይችላሉ።»

«ይንጠቁኝ። እኔን የትም አይጭኑኝም፤ ፓስፖርቴ የዚሁ አገር ነው። ከቤታችን በአንዲት ዙርባ አንድ ሰው ተጭኗል፤ ሁለተኛ አይጫንም።»

ማክኒል ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አየ። «መርማሪ፣ እውነቷን ነው?»

ራውዳ በዚህ ሥራ ስትኖር ፊቷ የተነገረ ውሸት አሳልፋ አታውቅም። ሱፊያን ጁምዓ ማታ የነገራት ጆሮዋ ላይ አለ። የልጁን ቀይ ዓይን አየች፤ ከዚያ ማክኒልን።

«ሰምተሃታል» አለችው። «ያለችህን ጻፍ።»

«ሙሉ ስም?» አለ ማክኒል ብዕሩን አስተካክሎ።

ለይላ ሥዕሉ ሥር ሄዳ ቆመች። የራሷን ስም ተናገረች፤ የአባቷን ስም ተናገረች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ማክኒል ቀድሞ ብዕሩን አንስቶ ነበር፤ በቃኝ ያለ መስሎ። እሷ ግን አለቀቀችውም።

«ኑሬ» አለች። «የአያቴ ስም ነው። እሱንም ጻፈው።» ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ እስኪጽፍ ድረስ ፊደል በፊደል ጠራችለት።